ጉልበቱን ሠርታችሁልናል፣ ጭኑስ?

ይድረስ፦ በጎጃም ሆስፒታሎችና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ለምትሠሩ ኃላፊዎች፣ የአጥንት ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች

ጉዳዩ፦ ከጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስላለው ረጅም ጊዜ

ጤና ይስጥልኝ።

ለ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሱሪ ላሰፋ ሄጄ ነበር። ልብስ ሰፊው የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ሲንጀሩን ፋርማሲው በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። ልማዱ አንድ ጭን ለክቶ መጨረስ ነው። ያን ቀን ግን «ሱሪዬ ሁሉ በግራ በኩል ይንዘላዘልብኛል» ስላልኩት ሁለቱንም ለካ። ቀኙ 54 ሴንቲ ሜትር። ግራው 50 ተኩል። ዝም አለ። ሜትሩን አገላብጦ አየው። እንደገና ለካ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንተ፣ ይሄን እግር ከማን ነው የተዋስከው?» አለኝ።

ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ግራ ጉልበቴ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ያኔ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ጠባሳዬን ያየ አለ፤ ጉልበቴን አጥፎ የዘረጋ አለ፤ ራጅ ያነሳኝም አለ። ጭኔን ለመጀመሪያ ጊዜ የለካው ግን ልብስ ሰፊ ነው። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም እሱ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች አንድ ትንሽ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ነገሩ የጀመረው በጥር 2013 ዓ.ም. ነው። የጥምቀት ሰሞን መምህራንና ተማሪዎች ኳስ ገጠምን። ማንም አልነካኝም። ኳሱን ላዞር ዞርኩ፤ ሰውነቴ ሲዞር እግሬ መሬቱን እንደያዘ ቀረ። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በረኛው ሳይቀር ሰምቶታል። እስከ ማታ ጉልበቴ ድፎ ዳቦ አክሎ አደረ።

በማግስቱ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። እንደምታውቁት እኛ አገር ሐኪም ሁለተኛ ነው። ሽማግሌው በቅቤ እያሹ ዳሰሱኝ፤ ቅልጥሜን ወደፊት ሳብ አደረጉት። «ልጄ፣ አጥንትህ ደህና ነው። ውስጡ ነው የተበጠሰው። እኔ እዚያ አልደርስም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ኤምአርአይ ከዚህ የተለየ ነገር አልነገረኝም። ወጌሻን ስንወቅስ ይህንንም ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጉልበት ውስጥ እንደ መስቀል የተጠላለፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ቅልጥማችን ወደፊት እንዳይሾልክና እንዳይጠመዘዝ ይይዛል። ሐኪሞቹ «ኤሲኤል» የሚሉት እሱን ነው። ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይጠግንም። ስለዚህ ከራስ ገላ ሌላ ጅማት ተወስዶ በቦታው ይተከላል። አንዳንዱ ከቋንጃ ይወሰዳል፤ አንዳንዱ ከጉልበት ሎሚ በላይ ካለው ጅማት። የእኔ የተወሰደው ከሎሚው በታች፣ ከነቁራጭ አጥንቱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀዶ ሕክምናው የተሠራው በግንቦት 2013 አዲስ አበባ ነው። በቢላዋው ላይ ቅሬታ የለኝም። ጅማቱ ዛሬም ጥብቅ ነው፤ ጉልበቴ አይከዳኝም። ቅሬታዬ በሦስተኛው ቀን በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። መድኃኒቱ አለ፣ ክር የሚወጣበት ቀን አለ። ከታች አንድ ቃል፦ ፊዚዮቴራፒ፤ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእንቅስቃሴ ማከም ማለት ነው። «የት?» ብዬ ጠየቅሁ። «እዚያው አካባቢህ ፈልግ» ተባልኩ። ፈለግሁ። ጠይቄ ጠይቄ የደረስኩት ማሳጅ ቤት ነው።

እቤት እናቴ አልጋ አነጠፈችልኝ። ጉልበቴ ሥር ወፍራም ትራስ አደረገችልኝ። ምቾቱ ለጉድ ነው! ያበጠ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ መቀመጥ ይወዳል። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሁሉም ትራሱን እያስተካከለልኝ ይሄዳል። እንዲህ ሆኜ አንድ ወር ተኛሁ። ለካ ያ ትራስ ነው ጉድ የሠራኝ። ትራሱ መደረግ የነበረበት ተረከዜ ሥር ነው። ተረከዝ ከፍ ብሎ ጉልበቱ ከሥሩ ባዶ ሲሆን በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይዘረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ ሥራ ጉልበቱን እንደ ሌላኛው ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነው። ጥቂት ዲግሪ እንኳ ከቀረች ሰውየው ያነክሳል፤ የጭኑ ጡንቻም እስከ መጨረሻው አይጨብጥም፤ ሕመሙ ከሎሚው ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንድ ነርስ «እማማ፣ ትራሱን ከተረከዙ ሥር ያድርጉለት» ብላ ቢሆን ኖሮ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

አሁን ስላለፈው ዓመት ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊው ከለካኝ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄድኩ። እዚያ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አገኘሁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረች ወጣት ናት። አልጋ ላይ አስተኛችኝ። መዳፏን ከጭኔ ላይ አድርጋ፣ «መምህር፣ ጉልበትህን ወደ አልጋው ተጫን፤ ጡንቻውን አጥብቅ» አለችኝ። ቀኙ ድንጋይ ሆነ። ግራው እንደ ሊጥ ቀረ። እኔ በሙሉ ኃይሌ እየታገልኩ ነው፤ ፊቴ ቀልቷል። ጡንቻው ግን አልሰማኝም። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የራስ ገላ እምቢ ሲል!

«አልሞተም» አለችኝ። «መብራቱ ነው የጠፋው። አምፖሉ ደህና ነው።»

መብራት መጥፋትን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ ከመገጣጠሚያው የሚነሳው መልእክት ወደ ኅብለ ሰረሰር ይሄድና የፊት ጭን ጡንቻን «ተው፣ አትሥራ» ያሰኘዋል። ሕመም ባይኖር እንኳ እብጠቱ ብቻውን ይበቃል። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ተወግቶ ሲሞከር እንኳ ጡንቻው ይሰንፋል። ለጥቂት ቀን መከላከያ ነው። ማንም ካልቀሰቀሰው ግን ለወራት፣ ለዓመታት ይቀጥላል። ጡንቻው ሳይሠራ ይከሳል፤ ሲከሳ ጉልበቱ ያለ ምንጣፍ ይቀራል። ምክንያቱም በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነታችንን ግጭት የሚቀበለው ይሄ የፊት ጭን ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሥራው ይብሳል፤ እየተሳበ ይይዛል። የእኛ ከተማ ቁልቁለት እንጂ ሜዳ የላትም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ 20 ደቂቃ መንገድ ነው። መውጣቱ አያስቸግረኝም። ስወርድ ግን ከሎሚዬ ሥር መርፌ ይገባል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጅማቱ ላልቶ ይሆን?» እያልኩ ስሰጋ፣ ጥፋቱ የጭኔ ኖሯል።

የአውቶቡሱንም ልንገራችሁ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበትን አጥፎ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ሎሚውን ከጭን አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደጀን ደርሰን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ እግሬን መተላለፊያው ላይ ዘርግቼ ረዳቱ ስንት ጊዜ ረግጦኛል። ለክትትል ስመላለስ የደረሰብኝ ስቃይ ከክትትሉ ጥቅም ይበልጥ ነበር። ክትትሉ አምስት ደቂቃ ነው። ኋላ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ጨርሶ ተውኩት።

እንግዲህ ወደ ጅማቱ ልመለስ። ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ጥሩ መተኪያ ነው፤ አጥንት ከአጥንት ስለሚገናኝ ቶሎ ይይዛል። የታወቀ ዕዳም አለበት። የተወሰደበት ሰው ከፊት በኩል የጉልበት ሕመም፣ በተለይም ሲንበረከክ የሚሰማ ሕመም ይበዛበታል። ከቋንጃ የተወሰደበት ደግሞ ሲንበረከክ ይሻለዋል፤ በምትኩ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያጥፍበት አቅም ይቀንሳል። ሁለቱም ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ። ይህ በየትኛውም የአጥንት ሐኪም ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም።

እኔን ግን ማንም «ትሰግዳለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ይሄ ጥያቄ ጎጃም ላይ ሳይጠየቅ እንዴት ይታለፋል? በስቅለት ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሕዝቡ ሲወድቅ ሲነሳ፣ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግንቡን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ዕድሜዬ 38 ነው። አንድ አባት መቋሚያቸውን ሰጡኝ። ከኋላዬ አንዲት እናት «የዛሬ ልጆች ቁርጭምጭሚታቸው ቅቤ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ሞከርኩት፤ ግራ ጉልበቴ ድንጋዩን ሲነካ ዓይኔ ጨለመ። ሙስሊም ጎረቤቴ በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል። ጤፍ የሚያርምና የሚያጭድ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብሎና ተንበርክኮ ይውላል። ሽንት ቤታችንም ቁጢጥ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሚኖር ሰው የተመረጠ ጅማት ለእኛ ላይስማማ ይችላል። ሐኪሙ ያንኑ ቢመርጥ እንኳ ቀድሞ ይንገረን። ከጠባሳው አጠገብ ያለው ቆዳ እንደሚደነዝዝም ይንገረን፤ እኔ የደነዘዘው ደም ሥሬ ተቆርጦ መስሎኝ ስንት ሌሊት አልተኛሁም። ለካ ትንሽ የቆዳ ነርቭ ስለምትነካ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው።

ሌላም ያልተነገረኝ አለ። ይህን ጅማት ከበጠሱ ሰዎች መካከል ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ግማሽ ያህሉ የጉልበት ብግነት፣ ማለትም የመገጣጠሚያው ለስላሳ ሽፋን መበላት ይታይባቸዋል። ቀዶ ሕክምና ይህን አያስቀረውም። የተዳከመ ጭን ደግሞ ሕመሙን ያብሰዋል። ይህን መስማት ደስ አይልም። ግን ሰው ካወቀ ክብደቱን ይጠብቃል፤ ጭኑን ይሠራል። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይቀንሳል። እኔ በተኛሁበት ወር ብቻ ስድስት ኪሎ ጨመርኩ፤ የእናቴን ቅንጬ ታውቁታላችሁ?

በስዊድን 121 ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ግማሾቹ በቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሌሎቹ በአካል እንቅስቃሴ ጀመሩ፤ ያልበቃው በኋላ ይሠራለት ተባለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከሁለተኞቹ ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል፤ በጉልበታቸው ሁኔታም ከመጀመሪያዎቹ ጋር ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ያስፈልጋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እዚያ ሁለቱም ወገን ለወራት በባለሙያ እየታዩ ጡንቻቸውን ሠርተዋል። እኛ ጋ ቢላዋው ይመጣል፣ ያኛው ይቀራል።

እኔ አሁን ምን እየሠራሁ ነው? ባሕር ዳር ያገኘኋት ልጅ በስልክ እየመራችኝ ከዓመት በላይ ሆነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን። ወንበር ላይ ተቀምጬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የታሰረ አሸዋ የሞላ ከረጢት አነሳለሁ። በሁለት ኪሎ ጀመርኩ፤ አሁን ስምንት ደርሻለሁ። የቤታችን ደፍ ከፍ ያለ ነው፤ በግራ እግሬ ብቻ ወጥቼ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ቀስ ማለቱ ነው ሥራው። ልጄ «አባዬ በሩ ላይ ምን ሆነ?» እያለች እናቷን ትጠይቃለች። በአንድ እግር ከወንበር መነሳትም አለ። መጀመሪያ በግራዬ ሁለት፣ በቀኜ 14 ነበር። ዛሬ በግራዬ ዘጠኝ ደርሻለሁ። ሲያመኝ አልተውም፤ በማግስቱ ካበጠ ብቻ እቀንሳለሁ። ልብስ ሰፊው ወር በገባ ቁጥር ይለካኛል። አሁን 52 ሆኗል። መንበርከኩ ገና ነው። ቁልቁለቱ ግን ለቀቀኝ። መርፌዋ በሳምንት አንዴ ብቅ ብትል ነው።

ከዓመታት በኋላ የተጀመረ ሥራ እንዲህ አዝጋሚ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቢጀመር ኖሮ የሚለውን ሳስብ እናደዳለሁ። እናንተንም ትንሽ ላናድዳችሁ ብዬ ነው።

ከተማችን ውስጥ አንድ ባጃጅ ነጂ አለ፤ ተማሪዬ ነበር። ባለፈው ክረምት እሱም ይህንኑ ጅማት አሠርቶ መጣ። የያዘው ወረቀት የእኔው ወረቀት ነው፤ ቀኑ ብቻ ተለውጧል። «ቲቸር፣ አንተ ምን አደረግክ?» አለኝ። ከደብተር ላይ ሁለት ገጽ ቀድጄ ሥዕል ሣልኩለት። ሥዕል አልችልም፤ ሰዎቼ ሁሉ ክብሪት ናቸው። ትራሱን ተረከዝ ሥር አደረግሁት፤ ጉልበት ሥር ባለው ላይ ትልቅ ኤክስ። ባት ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ መግል ካወጣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ብዬ በቀይ ጻፍኩ። አምስተኛው ወር ላይ ጉልበቱ ስላላመመው ኳስ ሜዳ አየሁት። ጮህኩበት። የተተከለው ጅማት ገና እየተለወጠ ነው፤ ሕመም አለመኖሩ ምስክር አይሆንም። በኖርዌይ የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በታገሱት በየወሩ ዳግም ጉዳት በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ከዘጠኝ ወሩ ሌላ የተሠራው እግር የጭን ጡንቻ አቅም ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። በእኛ አገር ይህን የሚለካለት ማን ነው? እኔና ልብስ ሰፊው ነን።

ያቺ ወረቀት አሁን ፎቶ ኮፒ ሆና ሦስት ከተማ ደርሳለች። አንዱ ከፍኖተ ሰላም ደውሎ «ሦስተኛው ሥዕል ላይ ያለው ሰው ተኝቷል ወይስ ወድቋል?» ብሎኛል። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። የእናንተ ነው።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በአማርኛ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ለእያንዳንዱ ታካሚ፣ አስታማሚው በሚሰማበት እየተነበበ ይሰጥ። ከሐኪም ቤቱ ሳይወጣ አንድ ሰው መዳፉን ጭኑ ላይ አድርጎ «አጥብቅ» ይበለው። የሠለጠኑ ፊዚዮቴራፒስቶች አሉ፤ በየሆስፒታሉ አንድ ክፍል ስጧቸው። የውጭ ማሽን አንጠይቅም፤ ወንበር፣ ደረጃ፣ የአሸዋ ከረጢት፣ ምንጣፍና ሜትር ይበቃል። ሩቅ ላለ ሰው በስድስተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛውና በዘጠነኛው ወር ስልክ ይደወል። «ይዘረጋል ወይ? ያብጣል ወይ? በአንድ እግርህ ስንት ጊዜ ትነሳለህ?» ሦስት ጥያቄ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለአምስት ደቂቃ ከመታየት ይሻላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደግሞ እንደ እኔ ጎጃም የሚኖረውን ሰው «ትሰግዳለህ? ታርማለህ? ሥራህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ትምህርት ቤቶችንም በዚሁ ላንሳ። ፊፋ ያወጣው «11 ፕላስ» የሚባል የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ፤ በነፃ ነው፤ ጉዳትን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። በተለይ ሴት ልጆች ይህን ጅማት የመበጠስ ዕድላቸው ከወንዶቹ ይበልጣል። እኔ ትምህርት ቤት አስጀምሬዋለሁ። የስፖርት መምህሩ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ አሁን ፊሽካውን እሱ ነው የሚነፋው።

የክብሪት ሰዎቼን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ሦስተኛው ሥዕል ላይ ያለው ሰውዬ ተኝቶ ነው። የተሳሳትኩት ካለ አርሙት፤ በማኅተማችሁ አትሙት፤ ስሜ አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
ግራ ጉልበቱ የተሠራ መምህር
ምሥራቅ ጎጃም

ግልባጭ፦
ለባጃጅ ነጂው ተማሪዬ (ዘጠነኛው ወር ገና አልሞላም፤ እያየሁህ ነው)
ለልብስ ሰፊው ጓደኛዬ (የዘንድሮውን ሱሪ ሁለቱንም እግር በ54 ቁረጠው)